የሰርዶ እንቅልፍ፦ በአሶሳ የሣር ሜዳን በጤና ስለማቆየት



የዛሬው ገለጻ ስለ ጎልፍ ሜዳ ሣር አያያዝ መሆኑን የሚገልጸው ማስታወቂያ ከተለጠፈ ወዲህ «አሶሳንና ጎልፍን ምን አገናኛቸው?» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ቅጥር ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው የጎልፍ ሜዳ መኖሩን የሰማችሁ ትኖሩ ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ግን ጨዋታው ከአብዛኞቻችን ሕይወት የራቀ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሣር ሜዳ ዛሬ ያለን ዕውቀት ብዙው የተገኘው ከጎልፍ ሜዳ ነው። ምክንያቱም ሣርን የዚያን ያህል የሚያስጨንቅ ሌላ ጨዋታ የለም። የእግር ኳስ ሜዳ ሣር ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ የጎልፍ ኳስ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ሣር ግን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ይታጨዳል። አንድ ተክል ቅጠሉን በየዕለቱ እስከዚያ ድረስ እየተቆረጠ እንዴት በሕይወት ይኖራል? ይህን ጥያቄ የመለሰ ሰው የቀረውን ሜዳ ሁሉ ማስተዳደር ይችላል።

እኔን ወደዚህ ርእሰ ጉዳይ የሳበኝ እግር ኳስ መሆኑን አልደብቅም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ ሁላችንም ተደስተናል። ጨዋታው በመርሐ ግብሩ የእኛ የሜዳ ጨዋታ ነበር፤ የተካሄደው ግን በማላዊ ርእሰ ከተማ በሊሎንግዌ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ የባሕር ዳርን ስታዲየም በማገዱ ቡድኑ አገሩ ላይ የሚጫወትበት ሜዳ አልነበረውም። የስታዲየም መመዘኛው ብዙ ነው፤ የመልበሻ ክፍሉ፣ መቀመጫው፣ መብራቱ ሁሉ ይታያል። የመጫወቻው ሣር ግን ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነው፤ እኛ በግብርና ትምህርት ዘርፍ ያለን ሰዎች ድርሻችን ይህ ብቻ ስለሆነ ስለ እርሱ እንናገር።

የምናገረው ስለ ሰርዶ ነው። ሰርዶን እናንተ የምታውቁት በአረም ቁጥጥር ትምህርት ነው። ገበሬው ከማሳው ነቅሎ ድንበር ላይ ሲጥለው፣ ደረቀ ሲባል ሥር ሰድዶ የሚነሣ ተክል ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያም ምኞቷ አልሰመረላትም። ገበሬውን የሚያስመርረው ይህ ጠባዩ ለሣር ሜዳ የሚፈለገው ጠባይ ነው። ከምድር በላይ የሚሳብ፣ ከምድር በታችም የሚሄድ ግንድ አለው፤ በጫማ የተቀደደውን ስፍራ ራሱ ሄዶ ይሸፍነዋል። ብዙው የእድገት ዐይኑ ከማጨጃው ስለት በታች ስለሚገኝ አዘውትሮ ቢታጨድም አይሞትም።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገዴ ልውጣ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በቲፍተን ከተማ ይሠራ የነበረው የዕፅዋት አዳቃይ ግሌን በርተን፣ ሞቃት አየር ባለባቸው አገሮች የጎልፍና የእግር ኳስ ሜዳዎችን የሸፈኑ የሣር ዝርያዎችን ለዓለም አበርክቷል። ከእነርሱ አንዱ በ1960 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ቲፍዌይ ነው። ወላጆቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የእኛ ሰርዶ፣ ሳይኖዶን ዳክቲሎን፣ ሌላው የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ነው። ዲቃላው መካን በመሆኑ ዘር አይሰጥም፤ ግንዱ እየተቆራረጠ ይተከላል። እንግዲህ በውጭ ምንዛሪ ልናስመጣው የምንመኘው ሣር በደጃችን የምንረግጠው ሣር የወንድም ልጅ ነው።

ወደ አሶሳ እንመለስ። ዝናባችን በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ የሚዘንበው ግን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሰማዩ ይዘጋል። የብዙ ሜዳዎች ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የእኔም እንደዚሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ተቋም እንግዶች ሊቀበል ሲሰናዳ ሜዳውን እንዳለማለት ጠየቀኝ። ከውጭ የመጣ የዘር ድብልቅ በመስከረም አዘራሁ። ድብልቁ ለቀዝቃዛ አገር የሚስማማ ሣር ነበር፤ አውቅ ነበር፤ ቶሎ ስለሚበቅል ግን ፈረምኩ። በጥቅምት ሜዳው አማረ፤ እንግዶቹም አመሰገኑ። በየካቲት የቀረው ገለባ ነበር። ከግንቦት ዝናብ በኋላ በቅሎ ያየሁት ሣር ማንም ያልተከለው፣ በሜዳው ጠርዝ በእግረኛ መንገድ ላይ የነበረው ሰርዶ ነው።

«ውኃ ብታጠጣ ኖሮስ?» ይባል ይሆናል። እናስላው። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ቢሆን 7,140 ካሬ ሜትር ነው። በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢሰጠው 35,700 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,785 ማለት ነው፤ ይህም በየቀኑ። 40 ሄክታር የጎልፍ ሜዳ ቢሆን ጀሪካኑ 100,000 ይደርሳል። በበጋ ጀሪካን ተሸክመው ተራ በሚጠብቁ እናቶች ፊት ይህን ውኃ በሣር ላይ የሚያፈስስ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት ይኖርበታል። እኔ ማስረዳት አልቻልኩም።

ደግነቱ ሰርዶ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ድርቅ ሲበረታ ቅጠሉን ይጥላል፤ ምግቡን በምድር ውስጥ ግንዱ አከማችቶ ይተኛል። ቡናማ ሆነ ማለት ታመመ ማለት አይደለም። የእኛ ሥራ ለእንቅልፉ ማዘጋጀት ነው። በመስከረም የማጨጃውን ስለት ከፍ እናደርጋለን፤ ቅጠል ሲበዛ ሥር ይጠልቃልና። በአንድ እጭዳ ከቅጠሉ ሲሶ በላይ አንቆርጥም። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ዩሪያ መበተን እናቆማለን፤ ለምለሙ አዲስ ቅጠል የተከማቸውን ምግብ ጨርሶ በድርቁ ይቃጠላልና። ውኃ የግድ ካስፈለገ በግቡ አፍና በመሀል ሜዳ ብቻ፣ አልፎ አልፎ፣ ጠልቆ እስኪገባ ይጠጣ። በየማታው የሚረጭ ጥቂት ውኃ ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል፤ እንዲህ የለመደ ሣር ቧንቧው የተቋረጠ ሳምንት ይሞታል።

ስለ አፈሩ አንድ ነገር ልጨምር። ቀዩ አፈራችን ጥልቅ ነው፤ ውኃም ይይዛል፤ ነገር ግን አሲዳማ ነው፤ ፒኤች መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ5.5 በታች ነው። በውስጡ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ስለሚያስረው ሥር ይቀጭጫል። ዩሪያ በተደጋጋሚ ሲበተን አሲዳማነቱን ያብሳል። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመግዛታችን በፊት አፈሩን አስመርምረን፣ ውጤቱ በሚያዝዘው መጠን ኖራ እንጨምር። በነሐሴ ጭቃ ላይ መጫወትም አፈሩን ጡብ ያደርገዋል። የጎልፍ ባለሙያዎች ለዚህ አፈር የሚበሳ ማሽን አላቸው፤ እኛ መንሽና የወንዝ አሸዋ ይበቃናል፤ ጉልበቱ ግን ቀላል አይደለም።

ምስጡን በተመለከተ መድኃኒት ከመርጨታችን በፊት ምን እንደተረፈለት እንጠይቅ። ዙሪያው ተቃጥሎና ተመንጥሮ ሳለ የደረቀ ነገር የቀረው በሜዳው ላይ ብቻ ከሆነ የሚመጣው ወደዚያው ነው። የማንጎው ጥላ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰርዶ ጥላ አይወድም፤ በሜዳ ዳር ማንጎ የተከለ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወይ ፍሬውን ወይ ሣሩን ይመርጣል። አሶሳ ውስጥ የትኛው እንደሚመረጥ መገመት አያዳግትም፤ እኔም ማንጎውን ቁረጡ አልልም፤ ሜዳውን ራቅ አድርጉት እላለሁ።

ተማሪዎቼ፣ በመጋቢት አንድ ቡናማ ሜዳ ምረጡና ዶማ ይዛችሁ ሂዱ። አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ የምድር ውስጥ ግንዱን አውጡና በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ነጭና እርጥብ ከሆነ ሣሩ ተኝቷል፤ ተዉት። ቡናማና ተሰባሪ ከሆነ ሞቷል፤ በግንቦት ከመንገድ ዳር ሰርዶ ነቅላችሁ፣ ቆራርጣችሁ ትከሉበት። ከአሥር ስፍራ ያገኛችሁትን መዝግባችሁ አምጡልኝ።