ለሚያቅለሸልሸው ሰው የቱ መርከብ?

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ባልደረባዬ ሽርሽር ሊወጣ ነው፤ ያውም በመርከብ! አባይ በረሃን በአውቶብስ ሲወርድ ፌስታል ይዞ የሚቀመጠው ሰውዬ።

እሱ፦ ሳቂ አንቺ! ለዚህ እኮ ነው ግዙፍ መርከብ የምፈልገው።

እሷ፦ ግዙፍነቱ ይረዳል፤ አሠራሩም ግን ይታያል። «ኩዊን ሜሪ 2»ን ውሰድ። 345 ሜትር ትረዝማለች፤ 10 ሜትር ያህሉ አካሏ ውሃ ውስጥ ነው። ከመነሻውም የተሠራችው የአትላንቲክን ማዕበል እንድትቋቋም ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሳውዝሃምፕተን ኒው ዮርክ ትመላለሳለች።

እሱ፦ ክንፍ አላት ሲሉ ሰምቻለሁ።

እሷ፦ አራት። ከውሃው በታች ይዘረጉና ግራና ቀኝ መወዛወዙን ይቀንሳሉ። ፊቷ ከፍ ዝቅ ሲል ግን እምብዛም አይፈይዱም።

እሱ፦ እኔን የሚጥለኝ ደግሞ እሱ ነው!

እሷ፦ እንግዲያው መኝታህን ከመርከቡ መሃል፣ ዝቅ ካለው ፎቅ ያዝ። ላይኛው ባለ በረንዳ ክፍል ዋጋውም መናወጡም ይብሳል። ከፍሎ ማቅለሽለሽ!

እሱ፦ ርካሹ ተሻለኛ! መንገዱስ?

እሷ፦ እኔን ብትጠይቀኝ ከመርከቡም በፊት የሚመረጠው መንገዱ ነው። አላስካ ዘንድ «ኢንሳይድ ፓሴጅ» የሚባለው መስመር አብዛኛው በደሴቶች የተከለለ ነው። ወደ አንታርክቲካ የሚያሻግረውን የድሬክ መተላለፊያ ግን እርሳው። ካሪቢያን ካሰኘህ፣ ከጁን እስከ ኖቬምበር የአውሎ ነፋስ ወቅት መሆኑን አትዘንጋ።

እሱ፦ ወንዝ ላይ የሚሄዱትስ?

እሷ፦ ዳንዩብ ላይ ማን ያናውጥሃል? ለአንተ የተፈጠረ ነው።

እሱ፦ ዝንጅብልስ ልያዝ?

እሷ፦ ያዝ። መድኃኒት ከወሰድክ ግን ፋርማሲስት አማክረህ፣ መርከቡ ሳይነሳ ዋጠው፤ ማስመለስ ከጀመርክ በኋላ ሆድህ ውስጥ አይቆይም።