በብርድ ወራት ማለዳ ስለ መሮጥ
(ለሰፈራችን ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ኅዳር ከገባ ወዲህ ከማኅበራችን የማለዳ ሯጮች ብዙዎቹ ቀርተዋል። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ብርዱ!» እናቶችም «ሳንባ ምች ይይዝሃል፣ አርፈህ ተኛ!» እያሉ ልጆቻቸውን ያስቀራሉ። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አይናቅም። ነገር ግን ተጠንቅቆ ለሚሮጥ ጤነኛ ሰው የአገራችን ብርድ ጠላት አይደለም። ይልቅስ የሚያሰጉት በላብ የራሰ ልብስና ጨለማው ናቸው።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት ደመና የለም። ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርደው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነውና ወንዝ ዳርና ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል፤ የማገዶና የመኪና ጭስም አብሮት ይታመቃል። ስለዚህ ከወንዙ ዳር ይልቅ ከፍ ያለውን መንገድ ምረጡ።

ሳንባ ምችን የሚያመጣው ጀርም እንጂ ሩጫ አይደለም። ትኩሳት ወይም የደረት ሳል ያለበት ሰው ግን እስኪሻለው ይረፍ። አስም ያለበትም ሐኪሙን ያማክር፤ የሚሳበውን መድኃኒት ከኪሱ አይለይ፤ አፉንና አፍንጫውን በስስ ሻርብ ቢሸፍን የሚስበው አየር ሞቅ ይልለታል። ሲሮጥ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው ወዲያው ያቁም፣ ሐኪም ዘንድም ሳይውል ሳያድር ይሂድ።

አለባበስን በሚመለከት፣ አንድ ወፍራም ሹራብ ከመደረብ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ይሻላል፤ ሲሞቅ አንዱን አውልቆ ወገብ ላይ ማሰር ይቻላልና። የጥጥ ካኔቴራ ላብ ይዞ ገላ ላይ ስለሚቀዘቅዝ ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ይሁን። ኮፍያና ጓንት አትርሱ። «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም እንዴ!» የሚሉ ወጣቶች አሉ። እውነት ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ሮም ላይ አሸንፏል፤ ግን የመስከረም ምሽት ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው።

እንጦጦ ላይ የሚለማመዱ አትሌቶችን ያየ ሰው ሙሉ ቱታ ለብሰው በዝግታ ሲጀምሩ ያያል። እኛም የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ በእርምጃና በሶምሶማ እናሟሙቅ። ስንጨርስ ቆሞ ወሬ መጀመር የለም! የራሰውን ልብስ ለውጦ ጋቢ ወይም ደረቅ ሹራብ መደረብ ነው። በብርድ ጥም ባይሰማም ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጨለማው ልምጣ። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በ11 ሰዓት ተኩል ጥቁር ቱታ ለብሶ አስፋልት ላይ የሚሮጠውን ልጅ ሾፌሩ የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። ነጭ ልበሱ፤ የእግረኛ መንገድ በሌለበት የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት እንዲታያችሁ ግራውን ያዙ። ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ዐይን ዐይኑን ሳታዩ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ጫካ አካባቢም ጎህ ሳይቀድ አትግቡ፤ ጅቡ ገና አልተመለሰም።

ስለዚህ እስከ የካቲት መጨረሻ የማለዳው ሩጫ ከ11 ሰዓት ተኩል ወደ 12 ሰዓት ተኩል እንዲዛወር ለማኅበራችን ሐሳብ አቀርባለሁ። ሥራ የሚያረፍድበት ሰው ቅዳሜና እሑድ ይምጣ፤ በሌላው ቀን ጀምበር ሳትጠልቅ ማታ ይሩጥ። እናቶች ሆይ፣ ልጆቹን አታስቀሩብን፤ ደረቅ ልብስ አስይዛችሁ ላኩልን።