ወተቱን የሚጠራው ማን ነው?

እሱ፦ ፍላቂት ውስጥ አራስ ጥየቃ ስትገቢ መጀመሪያ የሚቀርብልሽ ምንድን ነው?

እሷ፦ ገንፎ በቅቤ! ለአራሷ ደግሞ የገብስ አጥሚት፣ አብሽ።

እሱ፦ ወተት የሚያመጣው እሱ ነዋ።

እሷ፦ ጉልበት ይሆናታል፤ ትጠጣ። ወተቱን የሚጠራው ግን የሕፃኑ አፍ ነው። በጠባ ቁጥር ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል።

እሱ፦ «ጡቴ ባዶ ነው» የምትለዋስ?

እሷ፦ መጀመሪያ የሚወጣው እንገር ጥቂት ነው፤ የሕፃኑም ሆድ ትንሽ። ወተቱ በደንብ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ነው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ታጥባ፤ ሌሊትም።

እሱ፦ ሌሊትም? ምስኪን!

እሷ፦ ሆርሞኑ የሚበረታው ሌሊት ነው እኮ።

እሱ፦ ወተቱ እስኪወርድ አያት ሕፃኑን ትንሽ ቅቤ ቢያልሱትስ? የኖረ ልማድ ነው።

እሷ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ቅቤም ስኳር ውሃም ከቀመሰ ጡት መሳቡን ይቀንሳል፤ እሱ ሲቀንስ ወተቱም ይቀንሳል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ።

እሱ፦ አያት ይቆጣሉ!

እሷ፦ አያትማ እንጨቱንና ውሃውን ያሳርፏት፤ ትልቁ እርዳታ እሱ ነው።

እሱ፦ መጥገቡን በምን ታውቃለች?

እሷ፦ ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና ይበቃዋል።

እሱ፦ ካልሸናስ?

እሷ፦ ውላ ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ።