የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያና የካሜራው ብልጭታ

ወንድ አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ ወደ ጎንደር የሚዘልቅ መንገደኛ ሁሉ፣ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማይቱን ባቃጠለ ጊዜ ከእሳት የተረፈውን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም፣ ከጣሪያውም በትልልቅ ዓይኖቻቸው ቁልቁል የሚመለከቱትን ባለክንፍ የኪሩቤል ገጾች ፎቶግራፍ ሳያነሣ መመለስን አይወድም፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

ሴት አቅራቢ፦ አልፈርድበትም፣ ወንድሜ። ነገር ግን አበው ያቆዩልንን ቀለም ለብልጭታ መዳረግ አይገባምና፣ የካሜራውን መብራት አጥፍቶ በበሩ በሚገባው ብርሃን ይጠቀም።

ወንድ አቅራቢ፦ በዚያ ድንግዝግዝ ሥዕሉ እንዴት ይወጣለታል?

ሴት አቅራቢ፦ ክንዱን አጽንቶ፣ ትንፋሹን ገትቶ ያንሣ፤ የሚጸልይ ምእመን ግን ምንም መልኩ ቢያምር ሳያስፈቅድ አያንሣ። ደግሞም የሐዋርያት ምሳሌ የሆኑት 12ቱ ክብ ግንቦች የቆሙበትን ቅጽር ይዙር፤ ብዙዎች ጣሪያውን ብቻ አንሥተው መሄዳቸው እጅግ ያሳዝነኛል።