ዳቦ በድልህ

 

አርሲ የስንዴ አገር ነው። በልጅነታችን ዳቦ ከብዙ ቤት አይጠፋም ነበር። የሚቸግረው ማባያው ነበር። እናቶቻችን ግን በእጃቸው ባለው መላ ፈጠሩ። ዳቦው ከመሃሉ ይሰነጠቃል። ድልህ ይቀባል። ዘይት ካለ ጠብ ይደረግበታል። የተቀቀለ ድንች የገባበት ቀን ደግሞ ልዩ ቀን ነው። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልሎ እስከ ትምህርት ቤት እረፍት ይቆያል። ሲፈታ ድልሁ ዳቦው ውስጥ ሰርጎ፣ ወረቀቱም ቀልቶ ይገኛል። የሚጣፍጠው ያ የራሰው ቦታ ነበር።

ዳቦው ለአንድ ልጅ እንኳ አይበቃም። ግን ይቆረስ ነበር። ለጓደኛ ይቆረሳል። ምሳ ላልያዘው ይቆረሳል። «ለምን አልያዝክም?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ያ አለመጠየቅ ትልቅ ጨዋነት ነበር።

ዛሬም ባዶ እጁን የሚመጣ ልጅ አለ። እረፍት ሲደወል ውኃ ልጠጣ ብሎ ይወጣል። ሌሎቹ በልተው እስኪጨርሱ አይመለስም። መምህራን ያውቁታል። ልጆቻችን ደግሞ ከመምህራኑ ይበልጥ ያውቁታል።

እባካችሁ፣ ለልጆቻችሁ ምሳ የምትቋጥሩ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ ዳቦውን ስትሰነጥቁ አንድ ቁራሽ ጨምሩ። ለልጃችሁም ንገሩት፦ «ለማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ስትሰጠው ምንም አትጠይቀው።»