ቃሪያን ከምድጃ ዳር ማብቀል



የቡና ገንዘብ በዓመት አንዴ ነው፤ በርበሬ ግን ለወጥ በየሳምንቱ ይገዛል። ክረምት ሲገባ፣ እጃችን ባዶ ሲሆን፣ ከጓሮ የሚቀጠፍ ቃሪያ ቢኖረን ብዙ እናርፋለን። ጥር ላይ የተዘራ በመጋቢት ዝናብ ጓሮ ይገባል፣ ለሰኔና ለሐምሌም ይደርሳል።

ችግሩ የአሪቻ የጥር ሌሊት ነው። የበርበሬ ዘር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ በአሥር ቀን ገደማ ብቅ ይላል፤ በቀዝቃዛ አፈር ግን ሳምንታት ይቆያል፣ ብዙውም እዚያው ይበሰብሳል። ስለዚህ ሥሩ በተበሳ ጣሳ ዘርተን ምድጃ አጠገብ እናኑረው። ጣሳው እጅ ካቃጠለ ለዘሩም በዝቷልና ፈቀቅ ይበል። ውኃው በእጅ ይረጭ እንጂ አይፍሰስ፤ ለጋ ችግኝ ከአንገቱ የሚበሰብሰው አፈሩ ሲጨቀይ ነው።

ብቅ ባለ ማግስት ከምድጃው ይነሣ። ጨለማ ውስጥ የቆየ ችግኝ ቀጥኖ ይወድቃል። ቀን ደጅ፣ ማታ ቤት፤ እንደ ጥጃ ማለት ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ይተከላል።

ደጋፊዎቻችን፣ የላስቲክ ቤት እንሥራላችሁ ላላችሁን እናመሰግናለን። ምድጃ ግን ሁላችንም አለን። እኛ የምንፈልገው እንደ ማረቆ ፋና ያለ የታወቀ ዘር ነው።