አንድ በሽታ ሁሉን እኩል ስላለመጣሉ



ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዓመቱ አንድ አባላችን አረፈ። ጎልማሳ ነው፣ ብርቱ ሠራተኛ። እናቱ ግን ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ እዚያው ቤት ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ ጉንፋን ያህል ይዟቸው ተነሡ። እኛ ታዲያ ምን አልን? «እሳቸው ናቸው ያመጡበት» አልን። ድንኳን ሥር ተቀምጠን ነው እንግዲህ፤ እናትየው እየሰሙ።

ሐኪሞች የሚሉት ሌላ ነው። ቫይረስ ሲገባ ሰውነት ቀድሞ የሚያሰማው ጥሪ አለ፤ ኢንተርፌሮን ይባላል። እንደኛ ጡሩምባ ነፊ ማለት ነው፤ እሱ ካልነፋ ማን ይወጣል? አንዳንዱ ሰው ይህን ጥሪ የሚያሰናክል እንከን ከወላጆቹ ይወርሳል፤ ጤነኛ ነኝ ብሎም ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት፣ ኮሮና ሞት አፋፍ ካደረሳቸው 659 በሽተኞች በ23ቱ ላይ እንዲህ ያለውን እንከን አግኝቷል። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ዕድሜም፣ ስኳርም፣ የደም ግፊትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

በኤች አይ ቪ ደግሞ ተቃራኒው ታይቷል። ቫይረሱ ወደ ደም ሕዋስ የሚገባበት አንድ በር አለ፤ ከአባትም ከእናትም የተደፈነ በር የወረሰ ሰው በአብዛኛው አይያዝም። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የሚገኘው ግን በአውሮፓውያን ዘንድ ነው፣ እዚያም በጥቂቱ፤ ከመካከላችን ማንም እንዳይመካበት።

ሟቹ ምን ወርሶ እንደነበር የመረመረ የለም። እናቱ መዋጯቸውን በየወሩ በሰው ይልካሉ፤ ስብሰባ ግን ከዚያ ወዲህ መጥተው አያውቁም።